ሰማንያ ስምንተኛዋ ደቂቃ

ረፋዱ ላይ ልብስ ተኳሿ የአንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ጀምራ ሳትጨርስ አባቷ በሬዲዮ መናገር ጀመረ። ላውንደሪው ውስጥ ሬዲዮ የሚከፈተው ለወሬ አይደለም፤ የማጠቢያዎቹን ጩኸት እንዲያስረሳ ነው፣ ስለዚህ ከአምስቱ ሠራተኞች አንዷም ጆሮዋን ሰጥታ አትሰማውም። እሷም ከቃሉ በፊት ሳሉን ነው ያወቀችው። አባቷ ሊናገር ሲል ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ ጉሮሮውን እንደ ሹም ይጠርጋል፣ ከዚያ የሚናገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ለዚያ ሁሉ መሰናዶ አይበቃም። ዝግጅቱ አድማጭ እየደወለ በዕድሜው ካየው ጨዋታና ውድድር ሁሉ የሚበልጥበትን አንዱን ቅጽበት የሚያወራበት ነው። አዘጋጁ ሳቅ የማያልቅበት ወጣት ነው፤ "እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ታላቅ ቅጽበት የትኛዋ ናት?" አለ። አባቷም ዝም ብሎ ተመልካች እንዳልነበረ፣ የስታዲየሙ የውጤት ሰሌዳ ሠራተኛ እንደነበረ፣ ያኔ ሰሌዳው መብራት ስላልነበረው የቆርቆሮ ቁጥሮችን በእጁ እያነሣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰቅል እንደኖረ አስረዳ። ከዚያ ወደ ጎሏ ገባ። የዋንጫ ፍፃሜ፣ አንድ እኩል፣ ሰማንያ ስምንተኛዋ ደቂቃ። ዘጠኝ ቁጥሩ ኳሷን በደረቱ አበረዳት፣ ጀርባውን ለግቡ እንደሰጠ ዞረ፣ ደረጃ ከመውጣት በቀር ለምንም በማይረባው በዚያ በግራ እግሩ ለጋት። "መረቡ ሳይሆን ሰማዩ የተቀደደ ነው የመሰለው" አለ አባቷ። "እንደዚያ ያለ ቀን በሕይወቴ የለኝም።"

እንደዚያ ያለ ቀን በእሷም ሕይወት የለም። እናቷ የሞተችው በዚያ ቀን ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ታሪኩ አንድ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነገር አንዲት ቃል አልጎደለበትም፤ በኩላሊት ስድስት ወር ስትማቅቅ የቆየችው እናት በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ባሰባት፤ አክስቷ ጎረቤታቸውን ግንበኛ "ሮጠህ ጥራው" ብላ ላከችው፤ ግንበኛው እንደምንም ተጋፍቶ ሰሌዳው ድረስ ወጣና "ሚስትህ እያጣጣረች ነው" አለው፤ እሱም "አንተ ሂድ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ እመጣለሁ" ብሎ መለሰው፤ ሴትዮዋ በር በሩን እያየች ሞተች፤ እሱ ኳሱን ጨርሶ መጣ። ልጅቱ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት። አባትየው በወር በወሩ ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ያመጣውን ያቀብላል፣ "ደህና ናት?" ብሎ ይጠይቃል፣ "ደህና ናት" ይባላል፣ ይሄዳል። ልጅቱ አድጋ ሥራ ከያዘች ወዲህ ደግሞ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሄዳ ታየዋለች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ቤት ኪራይ አውርታ ትመለሳለች። ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ የተቀመጠች ሴት ናት። ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ ያቺን ቀን ለሰው ሁሉ እንደ ሠርግ ሲያወራት መስማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ መላልሳ ተኮሰችው።

"ደስ ሲሉ ሽማግሌው!" አለች አጣቢዋ እስከ ክርኗ የረጠበ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች። "እንደዚህ የሚያወራ አባት ቢኖረኝ እኔም ኳስ እወድ ነበር።"

 ሽማግሌው የማን አባት እንደሆነ እዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛው ደዋይ ደግሞ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ መሳቅ ጀመረ። እሱም የሰሌዳው ሠራተኛ ነበር፣ በቅጥነቱ ሽቦ ይሉት የነበረ ሰው፤ እሱ የእንግዳውን ቡድን ቁጥር፣ ያኛው የባለ ሜዳውን ቁጥር እየሰቀሉ አንድ መወጣጫ ላይ አብረው ያረጁ ናቸው። "አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፣ የሚያባርረን አለቃ የለም፤ እንግዲህ እውነቱን ላውጣ" አለ። "ያቺን ጎል አላያትም! ከማለቁ በፊት ወርዶ ሄዷል። የሱን ቁጥር የሰቀልኩለት እኔ ነኝ፤ ተጣድፌ ሁለት ቁጥሯን ገልብጬ ሰቀልኳት፣ በማግስቱ ጋዜጣው ላይ በፎቶ ወጣችና አገር ሳቀብን። ማን ሰቀላት ሲባል እሱ 'እኔ ነኝ' አለ፣ እኔም ዝም አልኩ።" አዘጋጁ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ "ጋሼ ተያዙ! ጋሼ እጅ ከፍንጅ!" እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሽቦ "ቆይ ልጄ፣ የሄደበት ምክንያት ግን…" ሲል የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባበትና ቀረ። ከማስታወቂያው በኋላ አዘጋጁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሰሌዳው ሽማግሌ መልሰን እንደውላለን፣ አይተዋታል ወይስ አላዩዋትም፣ በራሳቸው አንደበት እንሰማለን አለ። ላውንደሪው ውስጥ ሁሉም ሳቀ። አሁን "ደስ ሲሉ" ያለችው አጣቢ እንኳ "ቀጣፊ ሽማግሌ!" አለች። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል።

ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆመችው። ጎሏን ካላያት ስታዲየም አልነበረም። ስታዲየም ካልነበረ የት ነበር? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ማደር ግን በዛ፣ ሰው በመሃል ያረጃል። ሸሚዙን ጨርሳ ሰቀለችና ወደ ላውንደሪው ባለቤት ሄደች። ባለቤቲቱ ከሳሙና አቅራቢው ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀች ነበር፣ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ዋጋ የጨመረ ሰው ነው። ፈቃድ ስትጠይቃት የሆቴሉ አንሶላ እስከ ማምሻ መድረስ እንዳለበት ነገረቻት፤ ስልኩን በእጇ ከደን አድርጋ "ለመሆኑ ወዴት ነው?" አለቻት።

"አባቴ ጋ።"

"አባት አለሽ እንዴ?" አለች ሴትዮዋ ከልቧ ገርሟት። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

በቀጥታ አልሄደችም። መጀመሪያ አክስቷ ጋ ሄደች፣ ምክንያቱም ያንን ታሪክ የተቀበለችው ከአክስቷ አፍ ነው፤ ዕቃ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠየቀው ያስረከበው ነው። አክስቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው አሮጊቷ ከቤቷ የምትወርደው ለሐኪምና ለለቅሶ ብቻ ነው፤ የቀረውን ዓለም በመስኮት ታየዋለች። በር መግቢያው ላይ ውሃ የተሞሉ ጄሪካኖች በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ሶፋው የተገዛ ቀን የለበሰው ላስቲክ አሁንም አልወለቀም። አክስቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። በዚህ ሰዓት ከሥራ ምን አመጣሽ ብላ አልጠየቀችም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ሬዲዮውን ሰምታ ነግራታለች። ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ ክኒኑ መወደድ አወራች፣ ምስሩ ዘንድሮ ከፍሬው ጠጠሩ እንደሚበዛ አወራች። ልጅቱ እስኪያልቅላት ጠበቀች።

"አክስቴ፣ ያን ቀን ሲመጣ ስንት ሰዓት ነበር?"

"ኳሱን ጨርሶ ነው የመጣው። 'አለቀልህ?' አልኩት። 'አለቀ' አለኝ። በዚህ ጆሮዬ።"

"ሰዓቱን ነው የጠየቅኩሽ።"

"ማን ሰዓት ያያል? እህቴን እየገነዝኩ ሰዓት ልይ?"

ልጅቱ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ነገር ጥቂት ነው፣ እሱም የተቆራረጠ ነው። የአልጋው እግር፣ የሰው ጫማ፣ ከዚያ ደግሞ ከውጭ የመጣ ጭፈራ፤ ዋንጫ የበላ ሕዝብ በመኪና ላይ እየዘለለ፣ ጥሩምባ እየነፋ በቤታቸው በር ሲያልፍ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። እጁን ታስታውሰዋለች፣ ፊቱን አታስታውሰውም። ሁልጊዜ የአክስቷ እጅ ይመስላት ነበር። "ጨፋሪዎቹ ሲያልፉ መስኮቱን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?" አለቻት።

"እኔ ነኝ እንጂ። ያ ጭፈራ በሬሳ ላይ ሲመጣ…" አክስቷ ጀመረችና አቆመች። ጣቷ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። "እኔ እንኳ አይደለሁም። እኔ እግሯን አቅንቼ ይዤ ነበር። እንዳይጠነክርብኝ።" ግንበኛው ያን ጊዜ ለዘመድ ሊናገር ወጥቶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ እህትማማቾችና ከሕፃኗ በቀር አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው፣ እሱም አልጋው ግርጌ ቁጭ ብሎ ነበር። ከስታዲየም የሚመለሰው ሕዝብ በር ላይ ሳይደርስ እሱ ቀድሞ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ኳሱን የጨረሰ ሰው ደግሞ ኳሱን ከጨረሱት ሰዎች ሊቀድም አይችልም። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ማሰብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ሁለቱም አላሰቡትም፣ ወይም አንደኛዋ አስባው ትታዋለች። አክስቷ ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

"ታናሼ ናት" አለች ቆይታ። "ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሽታን መጥላት አይቻልም፣ እግዜርን መጥላት አይቻልም። የምጠላው ሰው አስፈለገኝ። እሱ ደግሞ 'አለቀ' አለኝ።" ልጅቱ የተናደደችባት ይመስላት ነበር፤ አሮጊቷ ግን በዚያች ቅጽበት በጣም ትንሽ ሆና ታየቻት፣ እግሯ ወለሉን በደንብ አይነካም። ጄሪካኖቹን በእግሯ እንዳትመታ ተጠንቅቃ ወጣች።

አባቷ ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ይኖራል። ኪራዩ የሚረክሰው ቀኑን ሙሉ መዶሻና ብየዳ ስለሚሰማ ነው፤ እሱ ግን በጩኸት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ስለሆነ ጸጥታ ነው የሚረብሸኝ ይላል። በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርጭቆዎቹ ከስታዲየሙ ባመጣት አሮጌ የቆርቆሮ ሰባት ቁጥር ላይ ተደፍተው ይንጠባጠባሉ፤ ለትሪ ይጠቀምባታል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ተላጭቷል፣ ኮቱን ለብሷል፣ አንገቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፏል፤ በሬዲዮ የሚታይ ይመስል። ሲያያት ብድግ አለ፣ አንዷን ወንበር በእጁ ጠራርጎ ሰጣትና እሱ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

"ሰምተሽኝ ነው?" አላት።

"ሰምቼ ነው።"

"ሽቦንስ?"

"እሱንም።"

"ሽቦ ክፉ ሰው አይደለም" አለ። ሊጠይቃት የሚችል ብዙ ነገር ነበር፣ አልጠየቃትም። እሷም ከላውንደሪው ጀምሮ በልቧ ስታዘጋጅ የመጣችውን ጥያቄ አዘገየችው። ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ አንድ ደብተር ነበር፤ እጇ ሥራ እንዲያገኝ ብላ አነሣችው። በትልልቅ፣ በሰሌዳ ቁጥር አጻጻፍ "አሥሩ ታላላቆች" ይላል። አባቷ ከአሥረኛው ጀምሮ ወደ ላይ ነው የጻፋቸው። ከመጨረሻው መስመር ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ብስክሌቱ ተሰብሮበት ትከሻው ላይ ተሸክሞ የገባው ጋላቢ አለ። ተጋጣሚው ዓይኑ አብጦ እንደማያይ ሲያውቅ እጁን አውርዶ ዳኛውን "ይበቃዋል" ያለው ቦክሰኛ አለ። በጣቱ ስብራት ላይ መሐረብ ጠምጥሞ ሁለተኛውን አርባ አምስት የጨረሰው በረኛ፣ ሁሉም ወጥቶ መብራት ሲጠፋ ገና አንድ ዙር የቀራት፣ ሽቦና እሱ ብቻ እያጨበጨቡ ያስጨረሷት የአሥር ሺህ ሜትር ሯጭ። እያንዳንዱ ሥር ቀኑ፣ አየሩ፣ ስንት ሰው እንደነበረ ተጽፏል። አንዱም ስለ አንደኛ የወጣ ሰው አልነበረም።

ቁጥር አራት ላይ ስትደርስ ቆመች። የትምህርት ቤቶች ቅብብሎሽ፣ የሴቶች፣ ሦስተኛዋ ሯጭ ዱላዋን ጥላ፣ ተመልሳ አንሥታ፣ አምስተኛ ወጥታ አስረከበች። ቀኑን አየችው። የዚያን ቀን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች አጥሩ ሥር ነበሩ፣ የእሷ ሰው ግን ማንም አልመጣም ብላ ማታ ፊቷን በትራሷ ሸፍና ያለቀሰችበት ቀን ነው።

"ዱላዋን የጣልኩት እኔ አይደለሁም" አለች ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ። "አቀባይዋ ናት ሳትሰጠኝ የለቀቀችው።"

"እኔ ከማዶ ነበርኩ። ከማዶ እንደዚያ ነው የታየኝ" አለ አባቷ። ከዚያ እስክሪብቶ ፈልጎ ሊያስተካክለው እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ደብተሩን አልሰጠችውም። ሦስተኛውንና ሁለተኛውን አለፈች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ "ቁጥር አንድ" ተብሎ ተጽፎ ሥሩ ባዶ ነው።

"ይቺን ለምን አልጻፍካትም?"

"እሷን በቃሌ ነው የማውቃት።"

"አላየሃትም።"

"አላየኋትም" አለ።

ከጎን ብየዳው ለትንሽ ጊዜ ሲንጣጣ ቆየና ቆመ። ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አስቀምጦ እንደ ተከሳሽ መናገር ጀመረ፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ለራሱ ሲናገረው የኖረ ስለሆነ አልተደናቀፈም። ግንበኛው የመጣው በስልሳኛው ደቂቃ ነው። ሥራው ቁጥር ስለሆነ በደቂቃ አይሳሳትም። እመጣለሁ ያለው እውነቱን ነው፤ ግን አንድ እኩል ነበር፣ አሁን አንድ ነገር ይሆናል፣ አሁን ይሆናል ሲል ቆየ። ሚስቱ ስድስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ጠብቃዋለች፣ ሲመለስ ትራሷን ቀና አድርጋ "እሺ፣ ንገረኝ" ትለው ነበር፤ ኳስ ባትወድም የሱን ወሬ ትወድ ነበር። ዛሬም ትጠብቀኛለች አለ። ከዚያ ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች፣ ለእጅ ውርወራ ተጫዋቾቹ ቆሙ፣ ስታዲየሙ ትንፋሹን ሲውጥ እሱ ድንገት ፈራ። ሌላ ምክንያት የለውም፣ ፈራ። ቁጥሮቹን ለሽቦ ጥሎ ወረደ። ሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ነበር።

"መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ታክሲ የለም። ሮጥኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ስሮጥ ከኋላዬ ያ ጩኸት መጣ። ጎል እንደሆነ አወቅኩ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ዘወር ብዬም አላየሁም። ስደርስ ግንበኛው በር ላይ ነው። ሰዓቱን አይቶ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሆናት አለኝ።" እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተሰበረው። "አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቆየሁት። እሷ የቀደመችኝ በአሥራ አምስት ነው። በተጠራሁ ጊዜ ተነሥቼ ብሆን አራት ደቂቃ ነበረኝ። ገብቼ እጇን ይዤ… አራት ደቂቃ ብዙ ነው እኮ። በአራት ደቂቃ ብዙ ነገር ይሆናል።"

"አክስቴን ለምን 'አለቀ' አልካት?"

"'አለቀልህ?' ስትለኝ ምን ልበላት? ትቼው መጣሁ ብላት፣ ታዲያ ቀድመህ ለምን አልተውከውም አትለኝም? አለቀ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ውጤቱን የሰማሁት እንኳ ሊያስተዛዝኑኝ ከመጡት ወንዶች ነው፤ እኔ የተኛሁ መስሏቸው ውጭ ሆነው ሲንሾካሾኩ። በግራ እግሩ ነው ይላል አንዱ፣ በደረቱ አብርዶ ነው ይላል ሌላው። እንደዚያ አድርጌ ነው ጎሏን የሠራኋት።" በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። "ጎሉን ብሎ ቀረ የሚባል ሰው ክፉ ነው፣ ግን ቢያንስ ያገኘው ነገር አለ። እኔ ከሁለት ያጣሁ ነኝ። ጎሏንም አላየሁ፣ እናትሽንም አላየሁ። ይሄ ለልጅ እንዴት ይነገራል? ከሁለቱ ያኛው አባት ይሻልሻል ብዬ ነው።"

እሷ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። ታክሲ ውስጥ ሆና የጠበቀችው አንዱን ወይ ሌላውን ነበር፤ ወይ ንጹሕ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በደልኩህ ብላ እግሩ ላይ ትወድቃለች፣ ወይ በጥፋቱ ታገኘውና የልቧን ተናግራ ትወጣለች። ይህ ሰው ግን ሁለቱንም አልሆነላትም። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይቅር የሚባል ነገር ነው? በቁጣዋና በእንባዋ መካከል ተወጥራ ተቀመጠች። "ታዲያ ሬዲዮ ጣቢያ ምን አስደወለህ?" አለችው።

"ዘጠኙን ልነግራቸው ነበር" አለ ደብተሩን እያየ። "ሰው ሁሉ ስለ ዋንጫ ሲያወራ እነዚህን የሚያስታውስ የለም ብዬ። ስልኩን ያነሣችው የጣቢያው ልጅ ግን 'አባቴ፣ አንደኛውን ብቻ ነው የምንፈልገው' አለችኝ።"

ስልኩ ጮኸ። ብረት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሬዲዮ ከፍተው ስለነበር የአዘጋጁ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተሰማ፣ አንዴ ከስልኩ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ። "ጋሼ! አገር እየጠበቀዎት ነው! አይተዋታል ወይስ አላዩዋትም?" ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አሳለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁን አያት፣ እሷም አየችው፤ ምን እንዲል እንደምትፈልግ እሷም አታውቅም ነበር።

"አላየኋትም" አለ።

በስልኩም በግድግዳውም ሳቅ ፈነዳ፣ አዘጋጁ የዳኛ ፊሽካ አስነፋ። "እንኳን አመኑልን! ታዲያ የት ነበሩ ጋሼ? እስቲ በሞቴ፣ የዋንጫ ፍፃሜ፣ ሰማንያ ስምንተኛ ደቂቃ፣ ሰው ስታዲየም ጥሎ የት ይሄዳል?"

አባቷ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። እንደገና ሞከረ፣ ስልኩን የያዘው እጁ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከማዶ የመዶሻው ድምፅ ቀጥ አለ፤ ሠራተኞቹ እያዳመጡ ነበር። "ጋሼ? ጋሼ፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?" አለ አዘጋጁ፣ አሁንም እየሳቀ። እሷ ተነሥታ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

"ወደ ቤቱ እየሮጠ ነበር" አለች። "ሚስቱ ልትሞትበት ስትል።"

ግድግዳው ማዶ ቃሏ ዘግይቶ ተደገመ። አዘጋጁ ሳቁ ከአፉ ላይ ጠፍቶ "እ…" አለ፣ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። "ይቅርታ… እርስዎ ማን ነዎት?"

"ልጁ ነኝ።"

ስልኩን ዘግታ ጨርቁ ላይ መለሰችው። ሬዲዮው ሙዚቃ አሰማ። ቆይቶ መዶሻው ቀስ ብሎ፣ እንደ አፈረ ሰው፣ ሥራውን ጀመረ። አባቷ ባዶ እጁን እያየ ነበር።

"አሥራ ዘጠኙን ደቂቃ አልነገርሽውም" አላት።

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

ይቅር ብዬሃለሁ ብትለው ትችል ነበር፤ ውሸት ይሆንባታል፣ ውሸት ደግሞ እዚህ ቤት በዝቷል። "እሱ የሰው ወሬ አይደለም" አለችው። "የእኔና የአንተ ነው።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። የኮቱን የአንገት ቁልፍ ሊፈታ ሞክሮ አቃተውና ተወው፤ ከዚያ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ፊት አለቀሰ። እሷ አይዞህ አላለችውም፤ ግን ተነሥታም አልሄደችም።